አሮጌውን ቤተ ክርስቲያናችንን አታፍርሱት፣ ሥራ ስጡት

ለደብራችን አስተዳዳሪ፣ ለሰበካ ጉባኤው፣ ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው፣ እንዲሁም እንደ እኔ ከውጭ ሆናችሁ ለምታዋጡ የአካባቢያችን ልጆች በሙሉ

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

ይህንን በስልክ ልነግራችሁ ሞክሬ ነበር። የስልክ ነገር ግን ታውቁታላችሁ፤ መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንዱ የሰማውን ለሌላው ሲያደርስ ነገሩ ይለወጣል፣ መጨረሻ ላይ "እሱ እኮ ሕንፃው እንዳይሠራ ፈልጎ ነው" ተብሎ ይወራል። ስለዚህ ጻፍኩት። ለሁሉም ግልጽ ያደረግሁት ደግሞ ጉዳዩ የእኛ ደብር ብቻ ስላልሆነ ነው። ከጎጃም ከመጣውም፣ ከጎንደር ከመጣውም፣ ከሸዋ ከመጣውም ሰው ጋር ባወራሁ ቁጥር ያው ታሪክ ነው የምሰማው። የደብራችንን ስም አልጠራም። ማንንም ማሳጣት አልፈልግም፤ የኮሚቴው ሰዎች ከግል ሥራቸው ቀንሰው፣ ከልጆቻቸው ጉሮሮ ነጥቀው ለቤተ ክርስቲያን የሚደክሙ መሆናቸውን አውቃለሁ።

ባለፈው ወር የአዲሱ ሕንፃ ፕላን በቴሌግራም ግሩፓችን ተለቀቀ። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ለንግሥ ቀን የሕዝቡ ግማሽ ውጭ ዝናብ ላይ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። እኔ ልጅ ሆኜም እንደዚያ ነበር፣ አሁን ደግሞ ሕዝቡ በዝቷል። ሰፊ ቤት ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ምስሉን አስፍቼ ሳየው አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን ፈለግሁትና አጣሁት። ስጠይቅ ይፈርሳል ተባልኩ። አዲሱ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው፣ ድንጋዩ ለመሠረት ይገባል፣ እንጨቱ ደግሞ ለመወጣጫ ይሆናል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያ ቤት ክርስትና የተነሣሁበት ነው። አያቴ ከመግባቷ በፊት መቃኑን ስትሳለም ከንፈሯ የሚያርፍበት ቦታ፣ ከእሷ በፊት ስንት ሰው እንደሳመው እግዜር ይወቀው፣ ለስልሶ ያብለጨልጭ ነበር። ቅዳሴው ሲረዝምብኝ የመቅደሱን ግድግዳ አያለሁ። ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ፣ በላዔ ሰብእ ለተጠማው ሰው ጥርኝ ውሃ ሲሰጥ፣ እመቤታችን ሚዛኑን በጥላዋ ስታጋድል። ፊደል ሳልቆጥር እነዚህን ታሪኮች የማውቃቸው ከዚያ ግድግዳ ነው። ዛሬ ለልጆቼ ስነግራቸው ዓይኔ ላይ የሚመጣው የመጽሐፍ ገጽ ሳይሆን እሱ ግድግዳ ነው፤ ከጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ያለችው ስንጥቅ ሳትቀር ትታየኛለች።

አሁን ያለሁት ኔዘርላንድስ ነው። ስለራሳችን እዚህ ስላለው ቤተ ክርስቲያን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሐሳቤ የተቀየረው በእሱ ነው። የምናስቀድስበትን ሕንፃ እኛ አልሠራነውም። የፕሮቴስታንቶች ነበር። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተከራየን ነበር የምንገለገልበት። የእነሱ ልጆች መምጣት አቆሙ፣ የቀሩት አባላት አረጁ፣ የማሞቂያውና የጣሪያው ወጪ ከአቅማቸው በላይ ሆነ፣ በመጨረሻ ለእኛ ሸጡልን። ገዝተን ስንገባ እኛም ልክ እንደ እናንተ ብዙ ነገር ልናፈርስ አስበን ነበር። አልተፈቀደልንም። ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ መስኮት ለመቀየር እንኳ ማመልከቻ ይጠይቃል። በጊዜው አጉረመረምን። "በገዛ ቤታችን!" ያለው ብዙ ነው፣ እኔም ብያለሁ።

ከዚያ አንድ አናጢ ወንድማችን መላ አመጣ። ከግድግዳውም ከወለሉም ሳይጣበቅ ራሱን ችሎ የሚቆም መቅደስ በእንጨት ሠራልን። አግዳሚ ወንበሮቹን ግማሹን አነሳን፣ ምንጣፍ አነጠፍን፣ መጋረጃ ጋረድን፣ በሩ ላይ የጫማ መደርደሪያ አቆምን። ከበሮና ጸናጽል ገባ። በእነሱ ገና ሰሞን አንዲት አሮጊት መጡ፣ የድሮው ማኅበር አባል የነበሩ። ከኋላ ተቀምጠው ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ሰሙ። የተዳሩት እዚያ ቤት ውስጥ ነው፣ ባለቤታቸውን የቀበሩትም ከዚያው ጸሎት አስደርገው ነው። አንድም ቃል አልገባቸውም፤ ግን ቤቱ ውስጥ መብራት ስላዩ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ስለሰሙ፣ እጄን ይዘው አለቀሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መስኮቱ አጉረምርሜ አላውቅም።

እዚህ አገር ሁሉም አሮጌ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ዕድል አይገጥመውም። ማስትሪክት በምትባል ከተማ የዶሚኒካን መነኮሳት የነበረ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1794 ከተማዋን ከያዘ በኋላ መነኮሳቱ ተባረሩ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ያልሆነው ነገር የለም፤ መጋዘን ሆኗል፣ ብስክሌትም ተቀምጦበታል። እ.ኤ.አ. ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የመጻሕፍት መደብር ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ። መጻሕፍቱ የተደረደሩት በአንድ ጎን ብቻ በቆመ፣ ደረጃ ባለው ግዙፍ ጥቁር ብረት ላይ ነው። ብረቱ ራሱን ችሎ የቆመ ነው። ነገ ቤቱ ለሌላ ነገር ቢፈለግ ተፈትቶ ይወጣል፣ ድንጋዩ እንደነበረ ይቀራል፣ ከላይ ያሉት የጥንት ሥዕሎችም አይነኩም። ደረጃውን ወጥቶ ሥዕሉን በቅርብ ማየት ይቻላል፣ መነኮሳቱ በነበሩበት ዘመን ከመሬት ሆኖ ማንም በዚያ ቅርበት አያየውም ነበር።

መሠዊያው በነበረበት በኩል ግን ቡና ይሸጣል። እዚያ ስደርስ እግሬ አልሄድ አለኝ፣ ሳልጠጣ ወጣሁ። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ እያልኳችሁ አይደለም። ለእኛ አይሆንም፣ እንዲሆንም አልመኝም። ይዤው የወጣሁት ያን የብረት መደርደሪያ ነው፤ አዲሱ አገልግሎት አሮጌው ቤት ውስጥ እንግዳ ሆኖ መግባቱን። የእኛ አናጢ የሠራው መቅደስም ያው ነበር።

ደግሞ እኛ ሐበሾች የቆየ ቤት ተቀብለን ማኖር የጀመርነው ዛሬ በስደት አይደለም። ቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው። ጳጳሱ ሲክስተስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1479 ለእኛ አገር መነኮሳት ሲሰጧት ያኔም አሮጌ ነበረች። እዚያ ይኖሩ ከነበሩት አባቶች የተነሣ ነው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ግዕዝ ሰምቶ የተማረው፤ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን ሮም ላይ አሳተመ፣ በግዕዝ ከታተሙ መጻሕፍት የመጀመሪያው እሱ ነው። ከዚያም እዚያው የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በዙሪያዋ ስንት ነገር ሲፈርስና ሲሠራ እሷ ተረፈች፣ ዛሬም አለች። ሰው ስለነበረባት፣ ሥራም ስለነበራት ነው።

አገር ቤትም ስንመለስ አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ትግራይ ውስጥ ያለውን የሐን ተመልከቱ። ያ የድንጋይ ቤት ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ የጣዖት ቤተ መቅደስ ነው። ሳይናድ እስከ ዛሬ የቆየው በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው። የአባ አፍጼ ደብር አሁን ያለበት ሌላ ሕንፃ ነው፣ አሮጌው ግን ግቢው ውስጥ እንደ ቆመ ነው። አክሱምም እንደዚሁ። ጃንሆይ አዲሱን የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ዐፄ ፋሲል ያሠሩትን አላፈረሱም፤ ሴቶችም የሚገቡበትን ሰፊውን ከጎኑ አቆሙት። ሁለቱም ዛሬ ያገለግላሉ። ሰፊ ቤት ለሕዝቡ ያስፈልጋል፣ አሮጌውም ይኖራል፤ የእኛው ጥያቄ እዚያ አንድ ጊዜ ተመልሷል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን የጋይንቷ ቤተልሔም ናት። መሪጌቶቻችን የድጓ ምስክር የሚወጡባት ማለቴ ነው፣ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከውጭ ለሚያያት እንደ ማንኛዋም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት። ከውስጥ ሲገባ ግን በጥሩ ጥርብ ድንጋይና እንጨት የተሠራ፣ ከክቡ በብዙ የሚቀድም አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን አለ። በኋላ የመጡት አባቶች ክቡን ሲሠሩ የቀድሞውን አልናዱትም፣ እንደ ካባ ደረቡበት። ሲሚንቶ የለ፣ መሐንዲስ የለ፣ የውጭ አገር ድጋፍ የለ። እነሱ ከቻሉ እኛ እንዴት አቃተን?

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ ታገሡኝ።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጭቃ ነው፣ እውነት ነው። ግን ጭቃ ስለሆነ አይደለም ያረጀው። ውሃ ስለገባበት ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፣ የሚስማሩ ቀዳዳ ሰፍቷል፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ደግሞ መሄጃ ስለሌለው ግድግዳው ሥር ይተኛል። ከታች የተነፋው ግድግዳ፣ ምስጥ የበላው የምዕራብ በኩል ምሰሶ፣ ሁሉም ከዚያ የመጣ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ምእመን በቅንነት የታችኛውን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለስኖ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ባሰበት። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ከውስጥ ያለው ጭቃ ቀስ እያለ ይሟሟል። ጭቃ የሚፈልገው ጭቃ ነው፣ በጭድ ተቦክቶ በደንብ የሰነበተ፣ አያቶቻችን ያውቁበት የነበረው። ይህን የሚሠሩ ሰዎች አካባቢያችን ውስጥ አሁንም በሕይወት አሉ። አሥር ዓመት ከቆየን ግን አይኖሩም።

ሥዕሎቹን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር በደንብ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። አንዱ የኮሚቴ አባል "ሥዕሉን በአዲሱ ላይ አሳምረን እናስለዋለን" ብሎኛል፣ ሌላው ደግሞ "አንስተን እናስቀምጠዋለን" ብሎኛል። እነዚያ ሥዕሎች የተሳሉት በጨርቅ ላይ ነው፣ ጨርቁ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል፤ የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ልማድ ነው። ግድግዳው ሲናድ ጨርቁ አብሮ ይቀደዳል። በባለሙያ ካልሆነ በስተቀር ልጦ ማንሣት ቁርጥራጭ ማድረግ ነው፣ ቁርጥራጭ ደግሞ ገዢ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዮች የጥናት ቡድን ጎንደር ከሚገኘው የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን አንሥቶ፣ በምትኩ ቅጂ አስሎ ሄደ። ዋናው ዛሬ ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ ነው። ያንን ስንሰማ እናዝናለን፣ እንናደዳለን። የእኛ በገዛ ዶማችን ቢፈርስ ግን በማን ልንናደድ ነው?

እንግዲህ ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። እኔ የታየኝን ልበል፣ ሥርዓቱን የሚያውቁት አባቶች ናቸውና የመጨረሻው ቃል የእነሱ ነው።

አዲሱ በስተደቡብ በኩል ባለው ሜዳ ላይ ይሠራ። ለጥምቀት ተመላሽ ሕዝቡ የሚያርፍበት ማለቴ ነው፤ መቃብር የለበትም፣ ጥዱና ወይራውም አይነካም። መሐንዲሱ ፕላኑን ለማዞር ተጨማሪ ሥራ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፣ ያንን ክፍያ እኛ እዚህ ያለነው እንችለዋለን።

ታቦቱ ወደ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ባዶውን አይቅር። ደብራችን ድርብ ታቦት አለው። አባቶች ከፈቀዱ ድርቡ እዚያው ይቆይና በየዓመቱ በበዓሉ ቀን ይቀደስበት፣ ኪዳንም ይድረስበት። ይህ ካልሆነ፣ መቅደሱ እንደ ክብሩ ተዘግቶ መጋረጃው እንደተጋረደ ይኑር፣ ማንም አይርገጠው፤ ቅኔ ማኅሌቱ ግን ሰው ይግባበት። ማን ይግባበት? የየኔታ ተማሪዎች! አሁን የሚማሩት የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሚያፈስ ጎጆ ውስጥ፣ ክረምት ሲመጣ ብራናውን በለምዳቸው ሸፍነው። ዜማ የሚያምረው በዚያ ክብ ቤት ነው፣ ድምፁ ዞሮ የሚመለስበት ቤት ነው። ሕፃናቱ ቀን ቀን እዚያ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም ሲሉ፣ ቤቱ ዱሮም የለመደው ይሄንኑ አይደል?

ከዚህ ሌላ ንዋየ ቅድሳቱ አለ። የብራና መጻሕፍቱ፣ የድሮው መስቀል፣ ከበሮዎቹ፣ ያ የተቀደደው ጃንጥላ ሳይቀር፣ ሁሉም አንድ ጨለማ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልለው አይጥና እርጥበት እየበላቸው ነው። ቅድስቱ ውስጥ ከመሬት ከፍ ባለ ጠንካራ ሣጥን ቢቀመጡ፣ በዝርዝር ተመዝግበው ፎቶ ተነሥተው፣ ቁልፉ እንደ ዱሮው ለሁለት ሰው ተከፍሎ አንዱ በቄሰ ገበዙ አንዱ በሰበካ ጉባኤው እጅ ቢሆን፣ ከአሁኑ በብዙ ይሻላል። እሳት ግን ፈጽሞ አይግባ። ተማሪ ምግብ የሚያበስለው ውጭ ነው፣ ጧፍም ያለ ጠባቂ አይበራ። ይሄ ቢጻፍና በሩ ላይ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል።

"አሮጌው እየፈረሰ ሰው ላይ ቢወድቅስ?" የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው ማንም ሰው ከመግባቱ በፊት የባለሙያ ዓይን ይየው የምለው። የምዕራቡ ምሰሶ መደገፍ አለበት፣ እሱ ላይ ጥርጥር የለኝም። ግን አንድ ምሰሶ ስለታመመ ቤቱ በሙሉ ይቀበር አይባልም። ባለሙያ ካነሣን ደግሞ፣ ሕጉም እንዲሁ ነው የሚለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠገንና ለማደስ ከሚመለከተው ባለሥልጣን አስቀድሞ ፈቃድ እንዲገኝ ያዝዛል። ለመጠገን ፈቃድ ካስፈለገ ለማፍረስማ ምን ይባላል? ወረዳው ባህል ቢሮ ሄዶ ማስታወቅ ለኮሚቴው ጥበቃ ነው። ነገ ችግር ቢመጣ ተጠያቂ የሚሆኑት ፊርማቸው ያለበት ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ የእኛው ሽማግሌዎች ናቸው።

ለውጭ አገር ልጆች አንድ ነገር ልበል። ጥፋቱ የእኛም ነው። ገንዘብ ስንልክ የምንጠይቀው የጉልላቱን ፎቶ ነው። ለአዲስ ሕንፃ ሲባል ሁላችንም እንረባረባለን፣ ለጣሪያ ጥገና ሲባል ግን ግሩፑ ጭጭ ይላል። ባለፉት ዓመታት ሁለት ጊዜ የቆርቆሮ መግዣ ተጠይቀን እኔ ራሴ መልስ ሳልሰጥ አልፌዋለሁ። ያኔ ያ ቆርቆሮ ቢቀየር ኖሮ ዛሬ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ። እዚህ የሰው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን በብድር ገዝተን ጣሪያውን በየዓመቱ እናስፈትሻለን፣ የራሳችንን ግን ምስጥ እየበላው ዝም አልን።

እኔ ለአዲሱ ሕንፃ 1,000 ዩሮ ቃል ገብቻለሁ። ቃሌን አላጠፍኩም። ከዚያ ላይ ሌላ 500 ጨምሬ ለአሮጌው እሰጣለሁ፣ እሱን ግን በዚህ ቅደም ተከተል አውሉልኝ፤ መጀመሪያ ጣሪያውን የሚሸፍን ጠንካራ ሸራ፣ ቀጥሎ ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ፣ ከዚያ ምሰሶው። ሸራውና ቦዩ ክረምቱ ሳይገባ መሠራት አለባቸው። ቦይ መቆፈር ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በሁለት ቅዳሜ ይጨርሱታል።

ከሁሉም በፊት ግን ለማፍረሻ የተያዘው ቀን ይቆይ። ይህን ደብዳቤ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ አንብቡልኝ፣ የኔታም ባሉበት ይሁን፣ እሳቸው ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ። አንዱ ስልክ ያለው ልጅ ደግሞ የመቅደሱን ዙሪያ ሥዕሎች አንድ በአንድ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንሥቶ ይላክልኝ። በላዔ ሰብእ ያለበት ጎን ውሃ ነክቶታል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ከእሱ ይጀምር።

ልጃችሁ፣ ከኔዘርላንድስ